ለኪራይ ቤት የትኛው ማሞቂያ ይሻላል? ምድጃና ማሞቂያ በጥገና ሸክማቸው ሲመዘኑ

ማሞቂያ የሚመርጥ ሰው በቅድሚያ የሚጠይቀው ስንት ክፍል እንደሚያሞቅና ምን ያህል እንደሚፈጅ ነው። ባለቤቱ ራሱ ለሚኖርበት ቤት እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የጉዳዩን አብዛኛውን ክፍል ይሸፍናሉ። የኪራይ ቤት ግን የራሱ ጠባይ አለው፤ ዕቃውን የሚገዛው አንድ ሰው፣ የሚጠቀምበት ሌላ ሰው ነው፣ ሲበላሽ ማን እንደሚያሠራው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚለየው በጭቅጭቅ ነው። አከራዩ ቤቱን በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ቢያየው ነው፤ ተከራዩም ነገ ሊለቀው ለሚችለው ቤት ጭስ ማውጫ ለማስጠረግ ከኪሱ ማውጣት አይዋጥለትም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የማሞቂያ ዓይነቶች የሚነጻጸሩት በሚሰጡት ሙቀት ብቻ ሳይሆን፣ ከሁሉ በፊት ለሁለት የብርድ ወቅት ማንም እጁን ሳያሳርፍባቸው ቢቆዩ ምን እንደሚያስከትሉ በመመዘን ነው።

## መመዘኛዎቹ

ከፍተኛውን ክብደት የሰጠሁት ለዚሁ ለቸልተኝነት ውጤት ነው። ጥገና ሲጎድለው አንዳንዱ ማሞቂያ ሙቀቱ ይቀንሳል፣ አንዳንዱ ጨርሶ ይቆማል፣ አንዳንዱ ደግሞ እንደ ወትሮው እየሠራ ሰው ይገድላል። ሦስቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይቻልም።

ሁለተኛው መመዘኛ የሥራ ክፍፍሉ ግልጽነት ነው። በየቀኑ ወይም በየወሩ የሚደረገው ቀላል ሥራ የተከራዩ፣ ባለሙያ የሚጠይቀው ዓመታዊ ምርመራ የአከራዩ ቢሆን ጤናማ ነው፤ አንዳንዱ ማሞቂያ ለዚህ ክፍፍል ይመቻል፣ አንዳንዱ ግን ጉዳቱ ከአጠቃቀም ይምጣ ከጥገና ጉድለት ለመለየት ያስቸግራል። ሦስተኛው ጉዳዩን የሚያውቅ ባለሙያ በአካባቢው በቀላሉ መገኘቱ ነው።

አራተኛው ወጪ ሲሆን፣ በኪራይ ቤት ወጪ ለሁለት ይከፈላል። መግዣውና መትከያው የአከራዩ፣ የማገዶው ወይም የቆጣሪው ሂሳብ የተከራዩ ስለሚሆን አከራይ ለመግዛት ርካሽ፣ ለማንደድ ውድ የሆነውን ዕቃ ወደ መምረጥ ያዘነብላል። ይህ ቁጠባ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ራሱን አከራዩን ይጎዳል፤ ሂሳቡ የከበደው ተከራይ የተሰጠውን አጥፍቶ የራሱን፣ ምናልባትም አደገኛውን፣ ይዞ ይገባልና።

የከሰል ምድጃን በንጽጽሩ ያላስገባሁት ረስቼው አይደለም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል እንደ አማራጭ የሚታይ ነገር አይደለም፤ በውሉ ላይ በስሙ ተጠርቶ ሊከለከል ይገባል።

## በእንጨት የሚነድ የግድግዳ ምድጃ

የቤት ማስታወቂያ ላይ ከሁሉ በላይ የሚያምረው፣ ከሁሉ በላይም ጥገና የሚፈልገው ይህ ነው። እንጨት ሲነድ ሙሉ በሙሉ ያልተቃጠለው ጭስ ወደ ላይ እየወጣ ቀዝቃዛውን የጭስ ማውጫ ግድግዳ ሲነካ ይረጋል፣ ከጊዜ ጋርም ክሪዮሶት የሚባል እንደ ሬንጅ ያለ ጥቁር ንጣፍ ይሠራል። ይህ ንጣፍ ራሱ ነዳጅ ነው። አንድ ቀን እሳቱ በርትቶ ብልጭታ ከደረሰበት ጭስ ማውጫው በውስጡ ይነዳል፤ ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ፣ የሸክላውን ሽፋን ሊሰነጥቅና ከጣሪያው እንጨት ጋር ሊገናኝ ይችላል።

የክሪዮሶቱን ፍጥነት የሚወስነው ምድጃው ሳይሆን እንጨቱ ነው። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ ደረቅ እንጨት ንጹሕ ይነዳል፤ አዲስ የተቆረጠ እንጨት ግን ከክብደቱ እስከ ግማሽ የሚሆነው ውሃ ሊሆን ስለሚችል እሳቱ ጉልበቱን ውሃ በማትነን ይጨርሳል፣ ጭሱም ቀዝቃዛና ወፍራም ይሆናል። የአከራይና የተከራይ ክርክር የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው። እርጥቡን እንጨት ያነደደው ተከራዩ ነው፣ የሚጠረገው ጭስ ማውጫ ግን የአከራዩ ነው። ስለዚህ ምድጃውን አገልግሎት ላይ ማዋል የፈለገ አከራይ ደረቅ የማገዶ ማከማቻ፣ ማለትም ከመሬት ከፍ ያለ፣ ከላይ የተሸፈነና ጎኑ ለነፋስ ክፍት የሆነ ቦታ ቢያዘጋጅ ከየትኛውም የውል አንቀጽ የተሻለ ይጠቅመዋል።

ምርመራው በዓመት አንድ ጊዜ፣ የብርዱ ወቅት ከመግባቱ በፊት በባለሙያ ይደረጋል፤ ንጣፉ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከደረሰ መጠረግ አለበት። በመሃል ተከራዩ ራሱ ሊያየው የሚችለው ነገር አለ። ምድጃው ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ የጭስ ማውጫውን መክፈቻና መዝጊያ ከፍቶ በባትሪ ወደ ላይ ሲመለከት፣ በጣት ሲነካ የሚረግፍ ደብዛዛ ጥቀርሻ ቢያይ በብሩሽ የሚወርድ ነው፤ የሚያብረቀርቅና እንደ መስታወት የተለጠፈ ንጣፍ ቢያይ ግን ባለሙያ ሳይጠራ እሳት ማቀጣጠል የለበትም። እሳት ከመለኮሱም በፊት የሚጨስ የተጠቀለለ ወረቀት ወደ ጭስ ማውጫው አፍ አስጠግቶ ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ ማየት ይጠቅማል። ጭሱ ወደ ክፍሉ ከተመለሰ ማውጫው ተዘግቷል፣ ወይም ገና ቀዝቃዛ ነው፣ አለዚያም የወጥ ቤቱ አየር ማውጫ ፋን አየሩን ወደ ኋላ እየሳበው ነው። ይህ የመጨረሻው ምክንያት እምብዛም የማይታወቅ ነው፤ በሚገባ በታሸጉ አዳዲስ ቤቶች ደግሞ ይብሳል።

በጭስ ማውጫው አናት ላይ ዝናብና ወፍ የሚከለክል መረባማ ክዳን መኖሩም ይታይ። አመድን በተመለከተ፣ ከላዩ የሞተ የመሰለ አመድ ውስጥ ያለ ፍም ለቀናት ሊቆይ ስለሚችል የሚወጣው ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ነው፤ ባልዲውም ከቤት ውጭ፣ ከእንጨት ወለልና ከቆሻሻ ማጠራቀሚያ ርቆ ይቀመጣል። ባልዲውን አከራዩ ገዝቶ ቢያስቀምጠው ወጪው ከምንም የሚቆጠር አይደለም።

ክፍት ምድጃ ከሚሰጠው ሙቀት አብዛኛው ከጭሱ ጋር ይወጣል። ባለ መስታወት በር የሆነው ዝግ የእንጨት ምድጃ ግን ዘመናዊ ከሆነ ከእንጨቱ ጉልበት ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነውን ወደ ክፍሉ ሊያስገባ ይችላል፤ የበሩን ዙሪያ የሚያሽገው ገመድ ሲያረጅ መቀየርን ይጨምራል እንጂ የጭስ ማውጫው ሥራ ያው ነው። በእኔ አስተያየት ሌላ ማሞቂያ ላለው የኪራይ ቤት የተሻለው ውሳኔ የእንጨቱን ምድጃ ለጌጥ ብቻ ትቶ እሳት እንዳይነድበት መዝጋት ነው። ሲዘጋም ውስጡ እንዳይረጥብ ትንሽ የአየር መተላለፊያ ይተውለታል፣ መዘጋቱም ተከራዩ በማያጣው ቦታ ይጻፋል።

## በጋዝ የሚሠሩ ማሞቂያዎችና ምድጃዎች

እዚህ ላይ ትልቁ ልዩነት የተፈጥሮ ጋዝ ወይስ የሲሊንደር ጋዝ የሚለው ሳይሆን፣ የተቃጠለው አየር ከቤት ይወጣል ወይስ እዚያው ይቀራል የሚለው ነው።

ጭሱን በቱቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣው ዓይነት፣ በተለይም ለማቃጠያ የሚሆነውን አየር ጭምር ከውጭ የሚስበው ዝግ ሥርዓት፣ ለኪራይ ቤት ተቀባይነት ያለው ነው። ተከራዩ ማወቅ ያለበት ጥቂት ነው። ጤናማ ነበልባል ሰማያዊና የረጋ ነው፤ ቢጫ ሆኖ የሚወዛወዝ ወይም ጥቀርሻ የሚተው ከሆነ ማቃጠሉ ጎድሏል፣ ማሞቂያውም መጥፋት አለበት። ለማማር ሲባል ሆን ተብሎ ቢጫ ነበልባል እንዲሰጡ የተሠሩ የጌጥ ጋዝ ምድጃዎች አሉና ባለሙያው በመጀመሪያው ቀን የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለሁለቱም ወገን ያስረዳ። የቀረው፣ የማቃጠያውን ማጽዳት፣ የደህንነት መዝጊያውን መፈተሽና የጭሱን አወጣጥ መለካት፣ በሙሉ የባለሙያ ሥራ ነው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣችው የጋዝ ደህንነት ደንብ አከራይ በየ12 ወሩ በተመዘገበ ባለሙያ አስመርምሮ የምርመራውን ወረቀት ለተከራዩ እንዲሰጥ ታስገድዳለች። እንዲህ ያለ ግዴታ በሌለበት ቦታም አሠራሩ እንዳለ ቢወሰድ የሚያስቆጭ አይደለም።

ጭሱን በክፍሉ ውስጥ የሚተወው ዓይነት ሌላ ጉዳይ ነው። መትከያ አይፈልግም፣ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ ክፍሉንም ቶሎ ያሞቃል፤ በዚህ የተነሳ ብዙ አከራዮች ይወዱታል። ይሁንና 1 ኪሎ ግራም ፕሮፔን ሲቃጠል ከ1.6 ኪሎ ግራም በላይ ውሃ በተን መልክ ወደ ክፍሉ ይለቃል። ያ ውሃ ሄዶ የሚያርፈው ቀዝቃዛው ግድግዳ፣ መስኮቱና የቁም ሳጥኑ ጀርባ ላይ ነው፤ ሻጋታው ሲወጣ አከራዩ «መስኮት አትከፍቱም» ይላል፣ ተከራዩ «ግድግዳው ያፈሳል» ይላል፣ ጥፋቱ ግን የማሞቂያው ነው። በአብዛኞቹ አዳዲስ ሞዴሎች ላይ ያለው የኦክስጅን ጠቋሚ ከተለመደው 21 በመቶ ወደ 18 በመቶ ገደማ ሲወርድ ጋዙን ይዘጋል፤ መሣሪያው ጥሩ ቢሆንም የሚለካው የኦክስጅኑን መጠን እንጂ ነዳጅ በሚገባ ሳይቃጠል ሲቀር የሚወጣውን መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱን፣ አይደለም። በአንዳንድ ቦታዎች ይህ ዓይነት ማሞቂያ ለመኖሪያ ቤት ጨርሶ የተከለከለ ነው። ለኪራይ ቤት፣ ከሁሉም በላይ ለመኝታ ክፍል፣ አልመክረውም።

በሲሊንደር የሚመጣው ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ ሲሊንደር ከመሬት በታች ባለ ክፍልና በጉድጓድ አካባቢ አይቀመጥም። የጎማ ቱቦው ላይ የታተመው የአገልግሎት ዘመን በየርክክቡ ይነበብ፤ ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር መገጣጠሚያው በሳሙና ውሃ ተቀብቶ አረፋ መሥራት አለመሥራቱ ይታይ። ክብሪት ለኩሶ መፈተሽ ዛሬም የሚደረግ መሆኑ ያስገርማል።

## የነጭ ጋዝ ማሞቂያ

ስለዚህ ብዙ አልልም። ጭስ ማውጫ የሌለው የጋዝ ማሞቂያ ያለበትን ጉድለት ሁሉ ይዞ፣ ሽታንና ነዳጅ በቤት ውስጥ የማከማቸትን አደጋ ይጨምርበታል። ክሩ በየጊዜው መስተካከል አለበት፣ ነዳጅ የሚሞላው ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ከቤት ውጭ ነው፣ ቤንዚን የቀላቀለ ሰው ደግሞ ፍንዳታ ጋብዟል። ይህን ሁሉ በሌላ ሰው ጥንቃቄ ላይ መጣል ለአከራይ አይበጅም።

## ተንቀሳቃሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ

ጥገናው ትንሽ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የማያመጣ፣ ለመግዛትም ከሁሉ ርካሽ ነው። ከሶኬቱ የወሰደውን ኃይል በሙሉ ወደ ሙቀት ስለሚለውጥ በአንድ ዋት የሚሰጡት ሙቀት በየዓይነቱ አይለያይም፤ የሚለያየው ሙቀቱ የሚደርስበት መንገድ ነው። ባለ ፋኑ አየሩን ቶሎ ያሞቃል፣ ሲጠፋ ሙቀቱም ይጠፋል፤ አቧራ ስለሚስብም ወር በገባ ቁጥር ከሶኬት ነቅሎ መጥረግ ያስፈልጋል። ቀይ የሚግለው ጨረር ሰጪ ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው እንጂ ክፍሉን አያሞቅም፣ መጋረጃም ሊያቀጣጥል ይችላል። በዘይት የተሞላው ራዲያተር ለመሞቅ ይዘገያል፤ ሆኖም ገላው እንደሌሎቹ ስለማይግል፣ ድምፅ ስለሌለው፣ ዘይቱም ታሽጎ የሚኖርና የማይቀየር ስለሆነ ለኪራይ ቤት ከሦስቱ የሚመረጠው እሱ ነው። ከገዙ አይቀር ሲወድቅ ራሱን የሚያጠፋና ቴርሞስታት ያለው ይሁን።

ዋናው አደጋ ያለው ማሞቂያው ውስጥ ሳይሆን ከግድግዳው በስተጀርባ ነው። 2,000 ዋት ማሞቂያ በ230 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባል፣ ያውም ለሰዓታት ሳያቋርጥ። ያረጀ ወይም የላላ ሶኬት ይህን ጭነት ለስልክ ቻርጀር እንደሚያስተናግደው አያስተናግደውም። ፍተሻው ቀላል ነው። ማሞቂያው በሙሉ ኃይሉ አንድ ሰዓት ከሠራ በኋላ ይጥፋ፤ ከዚያም የተሰካው ክፍልና ዙሪያው በእጅ ይዳሰስ። ለብ ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ወይም ፕላስቲኩ ቡናማ መልክ ካወጣ ሶኬቱ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ መቀየር አለበት፣ ይህም ያለ ክርክር የአከራዩ ሥራ ነው። በማከፋፈያ ላይ ማሞቂያ መሰካት፣ በተለይም የተጠቀለለ ቀጭን ገመድ መጠቀም፣ የተከራዩ ጥፋት ነው። ሆኖም ክፍሉ ውስጥ አንድ ሶኬት ብቻ ከአልጋው ጀርባ ካለ ጥፋቱን የጋበዘው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ከአልጋ ልብስ፣ ከመጋረጃና ከሶፋ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ።

ድክመቱ ሂሳቡ ነው። ባለ 1,500 ዋት ማሞቂያ በሙሉ ኃይሉ በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ብርዱ ለወራት በሚቆይበት ቤት ይህ ተከራዩን ያማርራል።

## ሙቀትም የሚሰጥ ስፕሊት ኤሲ

ይህ አንዱ አካሉ በክፍሉ ውስጥ፣ ሌላው ከቤት ውጭ የሚገጠም አየር ማቀዝቀዣና ማሞቂያ ሙቀት ከመፍጠር ይልቅ ከውጭው አየር ሙቀት እየሰበሰበ ወደ ውስጥ ስለሚያሻግር፣ ለበላው አንድ እጅ ኤሌክትሪክ እንደ ውጭው ቅዝቃዜ ከሁለት እስከ አራት እጅ ሙቀት ይሰጣል። የሥራ ክፍፍሉም ከሁሉ ይበልጥ የጠራ ነው፤ ተከራዩ የውስጡን ፊልተር በየወሩ አውጥቶ ያጥባል፣ አድርቆ ይመልሳል፤ አከራዩ በዓመት አንድ ጊዜ የውጭውን አካል፣ የውሃ ማስወገጃውንና የማቀዝቀዣውን ጋዝ ያስፈትሻል። ፊልተሩ ካልታጠበ አየሩ ይደክማል፣ ሂሳቡ ይጨምራል፣ ሽታ ይመጣል፤ ሰው ግን አይሞትም። በአንጻሩ መግዣና መትከያው ውድ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ቤቱ ይቀዘቅዛል፣ ውጭው በጣም ሲበርድም ጉልበቱ ይቀንሳል።

## በቦይለርና በራዲያተር የሚሞቅ ቤት

ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጥ ሳይሆን ከሕንፃው ጋር የሚገኝ ነው። ውሃውን አሙቆ በቱቦ ወደ ራዲያተሮቹ የሚልከው ቦይለር ነዳጅ የሚያቃጥል ከሆነ ለጋዝ የተባለው ዓመታዊ ምርመራ በሙሉ ይመለከተዋል። ተከራዩ ሁለት ነገር ቢማር ይበቃዋል። አንደኛው ሥርዓቱ ቀዝቃዛ ሳለ የግፊት መለኪያው ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ባር ማሳየት እንዳለበት ነው። ሁለተኛው፣ ራዲያተር ከታች ሞቆ ከላይ ሲቀዘቅዝ ውስጡ አየር ስለታፈነ፣ ማሞቂያው ጠፍቶ የጎኑን ቡሎን በቁልፉ በጥቂቱ በማላላት፣ አየሩ እየተነፈሰ ወጥቶ ውሃ መንጠባጠብ ሲጀምር መልሶ ማጥበቅ ነው። ግፊቱ በየሳምንቱ የሚወርድ ከሆነ ግን የሚያፈስ ቦታ አለና ውሃ እየጨመሩ መቀጠል መፍትሔ አይሆንም።

## በአንድ እይታ

| ዓይነት | ችላ ቢባል | የተከራይ ሥራ | የአከራይ ሥራ | መግዣና መትከያ | ፍጆታ |
|---|---|---|---|---|---|
| የእንጨት ምድጃ | የጭስ ማውጫ ቃጠሎ፣ የጭስ መመለስ | ደረቅ እንጨት፣ አመድ | ዓመታዊ ምርመራና ጠረጋ | ቀድሞ ካለ ዝቅተኛ፣ ካልነበረ ከፍተኛ | እንደ እንጨቱ ዋጋ |
| ጋዝ፣ ጭሱ ወደ ውጭ የሚወጣ | ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ መቆም | ነበልባሉን ማስተዋል | ዓመታዊ ምርመራ በባለሙያ | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ | መካከለኛ |
| ጋዝ፣ ጭሱ ክፍሉ ውስጥ የሚቀር | ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሻጋታ | አየር ማስገባት፣ ቱቦና መገጣጠሚያ | ምርመራ፣ ቢቻል መተካት | ዝቅተኛ | መካከለኛ |
| ነጭ ጋዝ | ቃጠሎ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ | ከሞላ ጎደል ሁሉም | ባይፈቅድ ይሻላል | ዝቅተኛ | መካከለኛ |
| የዘይት ራዲያተር | የሶኬት መጋል | ቦታውን መጠበቅ | ሶኬትና ገመድ | በጣም ዝቅተኛ | ከፍተኛ |
| ስፕሊት ኤሲ | የሙቀት መቀነስ፣ ሽታ | ፊልተር ማጠብ | ዓመታዊ ጥገና | ከፍተኛ | ዝቅተኛ |
| ቦይለርና ራዲያተር | መቆም፣ ፍሳሽ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ | ግፊት ማየት፣ አየር ማስወጣት | ዓመታዊ ምርመራ | በጣም ከፍተኛ | መካከለኛ |

## ለማን የትኛው

በጀቱ ጠባብ የሆነና ብርዱ አጭር በሆነበት አካባቢ ቤት የሚያከራይ ሰው ለእያንዳንዱ ዋና ክፍል የዘይት ራዲያተር ገዝቶ፣ ከዚያ የተረፈውን ገንዘብ በሙሉ ሶኬቶቹንና ብሬከሩን ለማሳደስ ቢያውለው ተገቢ ነው። ብርዱ ረጅም ከሆነና ተከራዩም ለዓመታት እንዲቆይ ከተፈለገ ስፕሊት ኤሲው ይመረጣል። የመትከያው ወጪ በኪራዩ ላይ በመጠኑ ሊታሰብ ይችላል፤ የፍጆታ ሂሳቡ ስለሚቀንስለት ተከራዩም በጠቅላላ ወጪው ላይጎዳ ይችላል።

መብራት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋበት ቤት ጭሱን ወደ ውጭ የሚያስወጣ የጋዝ ማሞቂያ ወይም በሚገባ የተያዘ ዝግ የእንጨት ምድጃ ያስፈልገዋል። የጋዙ ማሞቂያ ያለ ኤሌክትሪክ የሚለኮስ ዓይነት መሆኑ ግን ሳይገዛ በፊት ይረጋገጥ፤ ብዙዎቹ ፋን ወይም የኤሌክትሪክ መለኮሻ ስላላቸው መብራት ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ። ለአጭር ጊዜ በሚከራይና እንግዳ በየሳምንቱ በሚለዋወጥበት ቤት ከኤሌክትሪክ ውጭ ያለ ነገር ባይኖር ይመረጣል፤ ለሦስት ቀን የመጣ ሰው የጭስ ማውጫ መክፈቻ የት እንዳለ እንዲያውቅ መጠበቅ አይቻልም። ሕፃናትና አዛውንት ባሉበትም የሚግል ገላ ያለው ማሞቂያ ያለ መከለያ አይቀመጥ።

ተከራይ ሆኖ ምርጫው በእጁ ያልሆነ ሰው ቢያንስ አንድ ነገር መጠየቅ ይችላል። ቤቱ ውስጥ ነዳጅ የሚያቃጥል ማንኛውም ዕቃ ካለ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ሊኖር ይገባል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ በደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋርም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ጠንክሮ ይያያዛል። ከቤት ሲወጡ የሚለቅ፣ ሲመለሱ የሚነሳ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ፣ ያውም መላው ቤተሰብ ላይ ባንድ ጊዜ ሲታይ፣ ጉንፋን ነው ተብሎ አይታለፍም፤ ወዲያው ወጥቶ ንጹሕ አየር ማግኘትና ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።

## በውልና በርክክብ ጊዜ

«ተከራይ ማሞቂያውን በጥንቃቄ ይይዛል» የሚል አንቀጽ ለማንም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ሥራውን በስሙ የሚጠራ ነው፦ ፊልተሩን በየወሩ የሚያጥብ ማን ነው፣ ጭስ ማውጫውን በስንተኛው ወር የሚያስጠርግ ማን ነው፣ ብልሽት ሲነገረው አከራዩ በስንት ቀን ውስጥ ባለሙያ ይልካል፣ እስከዚያስ ምን ዓይነት ጊዜያዊ ማሞቂያ ይሰጣል። የምርመራው ወረቀት ቅጂ ከውሉ ጋር ይያያዝ። ተከራዩ ያየውን ጉድለት በጽሑፍ፣ በስልክ መልእክትም ቢሆን፣ ማሳወቅ አለበት፤ በቃል የተነገረ ነገር ክርክር ሲነሳ አይገኝም።

ርክክቡ በሙቀት ወቅት ቢሆን እንኳ ማሞቂያዎቹ ሁለቱም ወገኖች በተገኙበት ለአንድ ሰዓት ይሠሩ። በዚያ ሰዓት ውስጥ ሶኬቶቹ ይዳሰሳሉ፣ የነበልባሉ መልክ ይታያል፣ የማስጠንቀቂያ መሣሪያው መሞከሪያ ቁልፍ ይጫናል፣ ጀርባው ላይ የተጻፈው የመቀየሪያ ቀንም ፎቶ ይነሣል፤ እነዚህ መሣሪያዎች እንደ ሥሪታቸው ከ5 እስከ 10 ዓመት ካገለገሉ በኋላ ባትሪያቸው ቢሠራም መለኪያቸው ያረጃልና መተካታቸው የአከራዩ ግዴታ ተብሎ በውሉ ይገባል።